የልጄ አራት ጥርሶች

ልጄ አምስት ዓመቱ ነው። በዚህ ዕድሜ 20 የወተት ጥርስ ሊኖረው ሲገባ ያበቀለው አራት ብቻ ነው፤ እነሱም እንደ ሚስማር የሾሉ። ችግሩ ኤክቶደርማል ዲስፕላዥያ ይባላል፤ ጥርስና የላብ ዕጢ በደንብ እንዳይፈጠሩ የሚያደርግ፣ አብሮት የተወለደ ነው። እንደ ሌላው ልጅ ስለማያልበው ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግር ስንሄድ ነጠላዬን በውሃ አርሼ አንገቱ ላይ ጣል አደርግለታለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሰው ሠራሽ ጥርሱ ጠበበው። ድዱ ቀልቶ ሳየው አንጀቴ ተላወሰ። መንጋጋው ባደገ ቁጥር መቀየር አለበት፤ አጥንት ውስጥ የሚተከለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እድገቱ እስኪያበቃ ይቆያል። ሐኪም ቤት «ይበቅላል፣ ጠብቂ» ብለው የመለሱኝ ቀን ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። ያኔ አንድ ራጅ ቢነሳ ኖሮ ከድዱ ሥር ባዶ መሆኑ ይታይ ነበር።

ማታ ጥርሱን አውልቄ በለስላሳ ብሩሽ አጥቤ ውሃ ውስጥ እዘፈዝፈዋለሁ። ጠዋት ራሱ ይቀበለኝና «እማዬ፣ ዳቦውን ከነቅርፊቱ ስጪኝ» ይለኛል።