ኢተርኒቱን ከማውረዳችሁ በፊት

ክረምት ሳይገባ ጣሪያ ለመቀየር የምታስቡ ጎንደሬዎች፣ ክዳናችሁ ቆርቆሮ ከሆነ ይህን እለፉት። ግራጫው፣ ወፍራሙ፣ ሲመታ እንደ ሸክላ የሚጮኸው የድሮ ኢተርኒት ከሆነ ግን ግራይንደር ከመከራየታችሁ በፊት አንብቡት።

የድሮ ኢተርኒት አብዛኛው ሲሚንቶ ነው፤ ከመቶ ከ10 እስከ 15 እጁ ግን በተለምዶ አስቤስቶስ የሚባል ክር መሰል ማዕድን ነው። ጣሊያን በ1992 እ.ኤ.አ. በሕግ ከልክላዋለች። አዲሱ ኢተርኒት በሌላ ክር ቢሠራም በመልክ አይለይም፤ የሚለየው ላብራቶሪ ነው። ምርመራ ካልተገኘ እንዳለበት ቆጥሮ መሥራት ነው።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው ከአሸንዳው በርሜል ውስጥ ለሚገባው ውሃ ነው። ዋናው ጠላት ግን በትንፋሽ የሚገባው የአስቤስቶስ ክር ነው። ክሩ ከፀጉር በብዙ እጥፍ ስለሚቀጥን አይታይም፣ አያስነጥስም፣ ለሰዓታት አየር ላይ ይንሳፈፋል። ሳንባ ከገባ ሰውነት አያሟሟውም። የሳንባ ጠባሳ፣ የሳንባ ካንሰር፣ የሳንባን ሽፋን የሚይዘው ሜሶቴሊዮማ የሚባል ካንሰር ከዚያ ይመጣሉ፤ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት ቆይተው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ላይ የሳንባ ካንሰሩ አደጋ በብዙ ይጨምራል።

ክሩ አየር ላይ የሚወጣው ክዳኑ ሲቆረጥ፣ ሲሰበር ወይም ሲፈተግ ነው፤ ስለዚህ ያልተሰነጠቀ ክዳን በቦታው ሳለ ብዙም አያሰጋም። ክረምት የሚያበቅልበትን አረንጓዴ ነገር በሽቦ ብሩሽ አትፈትጉት፤ ለአንቴና ብላችሁም አትብሱት።

የግድ ከወረደ፣ መጀመሪያ ከታች ያለውን ዕቃ አውጡ፣ መስኮትና በር ዝጉ። ውሃ ላይ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምራችሁ በመርጫ ክዳኑን አርጥቡት፤ ሳሙናው ውሃው ወደ ውስጥ እንዲሰርግ ይረዳል። በኃይለኛ ግፊት አትርጩ፣ ክሩን ያራግፈዋል። ቡሎኑን በመፍቻ ፍቱት፤ የዛገው እምቢ ካለ ቡሎኑን በእጅ መጋዝ ቁረጡ እንጂ ክዳኑን በመዶሻ አትስበሩ። ሙሉውን ክዳን ለሁለት ይዞ ማውረድ ነው፣ መወርወር የለም። ኢተርኒት ላይ በቀጥታ መርገጥም አይቻልም፤ ያረጀ ክዳን ሳያስጠነቅቅ ይሰበራል፣ ከላይ የሚወድቅ ሰው ደግሞ 20 ዓመት አይጠብቅም። በሞራሌዎቹ ላይ ጠንካራ ጣውላ አጋድማችሁ በእሱ ሂዱ።

ለአፍንጫ ነጠላም የሐኪም ማስክም አይበቃም። ኤፍኤፍፒ3 የሚባለው፣ ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራ ማስክ ያስፈልጋል፤ ጢም ካለ ግን ፊት ላይ አይገጥምም። ለቀን ሠራተኛው ማስኩን የሚገዛው ባለቤቱ ነው፣ ይህ የሚያከራክር አይመስለኝም።

ስባሪውን በሁለት ድርብ ወፍራም ላስቲክ ጠቅልላችሁ በፕላስተር አሽጉ፤ ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ተነጋግራችሁ የሚቀበርበትን ቦታ ያዙ። ለዶሮ ቤት፣ ለአጥር፣ ለጭቃ መንገድ መሙያ የሚወስድ ጎረቤት አይጠፋም፤ አትስጡ። ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ጨርቁም አብሮ ይታሸግ። ቱታውን ሳታራግፉ አርጥባችሁ እዚያው አውልቁት፤ ጣሪያ ላይ ወጥተው የማያውቁ ሚስቶች የባላቸውን የሥራ ልብስ በማጠብ ብቻ ታመዋል።