ካሜራው ወደ ሕዝቡ ሲዞር

ሰሞኑን የድሮ የሮክ ኮንሰርቶችን እያየሁ ነው። ዓይኔ ዘፋኙ ላይ ብዙ አይቆይም። ካሜራው ወደ ሕዝቡ እስኪዞር እጠብቃለሁ። መድረክ ላይ ማን ይበልጣል የሚል ክርክር ሲነሳ ብዙ ሰው የሚጠራው የተሰበረ ጊታር፣ የተቃጠለ ጊታር ነው። እኔ የምለካው በሌላ ነው፤ እዚያ ቆሞ ያየው ሰው ምን ሆነ?

በዚህ ሚዛን የኩዊን ባንድ ዘፋኙን ፍሬዲ ሜርኩሪን የሚያህል አላገኘሁም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 1985፣ ለንደን፣ ዌምብሌይ ስታዲየም። ላይቭ ኤይድ የተዘጋጀው በአገራችን በረሃብ ለሚያልቀው ወገን እርዳታ ለማሰባሰብ ነበር። ስለዚህ ይህን ቀረጻ እንደ ማንኛውም ኮንሰርት ላየው አልችልም። ደስታውም ሐዘኑም አንድ ላይ ይመጣብኛል። ኩዊን መድረክ ላይ የቆየው ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ የመብራት ጋጋታ የለም። አንድ ሰው፣ ነጭ ካናቴራ፣ ግማሽ የማይክ ዘንግ። በቃ።

መሃል ላይ ባንዱ ዝም ይልና ሜርኩሪ ብቻውን "ኤ... ኦ" ይላል። 72 ሺህ ያህል ሰው ይመልስለታል። ትንሽ ያከብደዋል፤ ይመልሳሉ። ያዞረዋል፣ ያረዝመዋል፤ አሁንም ይመልሳሉ። ግጥም የለው፣ ቃል የለው። ያን ሁሉ ሕዝብ ተቀባዩ አደረገው። ደጋግሜ ሳየው ደግሞ ሌላ ነገር ገባኝ። ሰውየው ይሰማል። መልሳቸው እስኪያልቅ ይታገሳል፤ ቀጣዩን ዜማ የሚያወጣው እነሱን ሰምቶ ነው።

ዴቪድ ቦዊ ደግሞ ሊያየው ለማይችል ሕዝብ ዘፍኗል። በ1987፣ ምዕራብ በርሊን፣ ከተማዋን ለሁለት የከፈለው ግንብ አጠገብ። ከግንቡ ማዶ የምሥራቅ በርሊን ሰዎች ተሰብስበው ያዳምጡ ነበር፤ እሱም በጀርመንኛ ሰላምታ ላከላቸው። በዓመቱ ብሩስ ስፕሪንግስቲን እዚያው ምሥራቅ በርሊን ገብቶ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ፊት ተጫወተ። አጥሮች ሁሉ አንድ ቀን እንዲፈርሱ ያለውን ተስፋም በጀርመንኛ ተናገረ። ግንቡን ያፈረሰው ሮክ ነው የሚሉ አሉ። ይሄ ይበዛል። ግን ያን ምሽት ሰዎቹ እርስ በርስ ተያይተው ብዛታቸውን ማወቃቸው ቀላል ነገር አይመስለኝም።

ሚዛኔን የሚያስቸግረው ጂሚ ሄንድሪክስ ነው። በ1967 ሞንተሬይ ላይ ጊታሩን ማቃጠሉን ሁሉም ያውቃል። እኔን የሚይዘኝ ግን የ1969ኙ የዉድስቶክ የሙዚቃ ፌስቲቫል ነው። እሱ የወጣው በመጨረሻ፣ ሰኞ ጠዋት ነበር። በመቶ ሺዎች ከሚቆጠረው ሕዝብ አብዛኛው ወደ ቤቱ ሄዷል። ሄንድሪክስ የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር በጊታር ጀመረ። ወዲያው ጊታሩ ይጮህ፣ ያለቅስ፣ እንደሚወድቅ ቦምብ ያፏጭ ጀመር። ያኔ የቬትናም ጦርነት እየነደደ ነው፤ እሱ ራሱ ደግሞ የፓራሹት ወታደር ነበር። ዜማውን እዚያ የቆመ ሁሉ ከልጅነቱ ያውቀዋል፤ አብሮ ሊዘፍነው የሚችል ግን የለም። ሜርኩሪ ሕዝቡን አዘፈነ፣ ሄንድሪክስ አፉን አስያዘው። የትኛው እንደሚከብድ እስካሁን አልቆረጠልኝም።

ቲና ተርነርን በተመለከተ ግን አላመነታም። በጃንዋሪ 1988 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ማራካና ስታዲየም ውስጥ ወደ 180 ሺህ የሚጠጋ ሰው አይቷታል። የ48 ዓመት ሴት፣ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ አድርጋ፣ እግሯ መሬት የሚነካ አይመስልም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አብቅቶላታል ተብላ ነበር። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ የሚበልጥብኝ ግን አንድ ተመልካቿ ነው። በ1966 ሮሊንግ ስቶንስ ብሪታንያን ሲዞሩ አብራቸው ትሠራ ነበር። ያኔ የስቶንሶቹ ዘፋኝ ወጣቱ ሚክ ጃገር ከመድረኩ ጎን ቆሞ ያያት እንደነበር ራሷ ተናግራለች። በ2023 ስትሞት ጃገር በወጣትነቱ ብዙ እንደረዳችው፣ መቼም እንደማይረሳት ጻፈ። ስለዚህ የመድረክ ታላላቆች ሲቆጠሩ የጃገር ስም ቀድሞ የሷ ከኋላ ሲመጣ ያናድደኛል። እሷ ትቅደም።