እጄ ሲጽፍ ልቤ የት ነበር?

ከተማሪነቴ ቀኖች ውስጥ አንዷን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ነበር። ሰሌዳው ላይ ያለውን አንድ ፊደል ሳላስቀር ገልብጬ ጨርሻለሁ። ርዕሱን በቀይ፣ ፎርሙላውን በሰማያዊ። መምህራችን ሰሌዳውን አጠፉና ወደ እኔ ዞሩ። «እስኪ አሁን የጻፍሽውን በራስሽ አባባል ንገሪኝ» አሉኝ። ወደ ደብተሬ አቀረቀርኩ። «ደብተሩን ሳታዪ» አሉ። አንድ ቃል አልወጣኝም።

አልተቆጡም። ወደሚቀጥለው ተማሪ አለፉ። እኔን ግን ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ። አልረበሽኩም፣ አላወራሁም፣ እንቅልፍም አልወሰደኝም። ዓይኔ ከሰሌዳው አልተነቀለም። ታዲያ የት ነበርኩ?

ያኔ ውጤቴ መካከለኛ ነበር። ሳላጠና ቀርቼ አይደለም፤ እስከ እኩለ ሌሊት አመሽ ነበር። ነገር ግን ጥናት የምለው፣ ቀን ልብ ሳልል የገለበጥኩትን ማታ ብቻዬን ከዜሮ ለመረዳት መታገል ነበር። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። አልገባኝ ሲል እሸመድደዋለሁ። የሸመደድኩት ደግሞ ጥያቄው ትንሽ ዞር ካለ ይጠፋኛል።

አንዱ ፈተና ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ መጣ፦ ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ የመጨረሻው ከፍታ ላይ ሲደርስ አክስለሬሽኑ (ፍጥነቱ የሚለወጥበት መጠን) ስንት ነው? ዜሮ ብዬ መለስኩ። ለቅጽበት ቆሟላ! መልሱ ግን ያው 9.8 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ነው፣ ወደ ታች። ዜሮ የሚሆነው ፍጥነቱ ነው። የመሬት ስበት ኳሱን መሳቡን ለአፍታም አያቆምም፤ ቢያቆም ኳሱ እዚያው ተንጠልጥሎ በቀረ ነበር። ይህንን መምህራችን በአፋቸው ነግረውናል። ሰሌዳው ላይ ግን አልጻፉትም፤ ስለዚህ የእኔ ደብተር ውስጥ የለም። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ የምትጽፈው የእኔን ግማሽ አይሆንም። እሷ ሰምታ ነበር። መለሰችው።

ዋናው ነገር ያኔ ነው የገባኝ። ሰሌዳው ላይ የሚቀመጠው አጥንቱ ነው፣ ሥጋው ያለው ማብራሪያው ውስጥ ነው። «ለምን እንዲህ ሆነ?»፣ «እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል»፣ «ይሄን ካለፈው ምዕራፍ ጋር አያይዙት»፤ እነዚህን የሚጽፋቸው የለም። ፈተናውን የሚያወጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያው የሚያስተምረው ሰው ነው። ደጋግሞ የሚመለስበትን ነገር የሰማ ተማሪ የፈተናውን ግማሽ መንገድ ሄዷል ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ወዲህ መምህሩ ሲያስረዱ እስክሪብቶዬን አስቀምጥ ጀመር። ሲጨርሱ አንድ ሁለት መስመር በራሴ አባባል እጽፋለሁ። ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ግን መገመት ነው። ስሌት እየሠሩ ከሆነ ቀጣዩን መስመር ሳይጽፉት በፊት በልቤ እሞክረዋለሁ። ልክ ከሆንኩ ደስ ይለኛል፤ ከተሳሳትኩ ደግሞ ጆሮዬ ይቆማል። የት ጋ እንደሳትኩ ሳላውቅ መቀመጥ አልችልም። አሰልቺ የሚባለው ትምህርት እንኳን በዚህ መንገድ ይያዛል። ልቤ መሸፈቱ አልቀረም፣ ግን ቶሎ እነቃበታለሁ። ክሩ ሲጠፋብኝ ህዳጉ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጌ ከክፍል በኋላ እጠይቃለሁ።

ጭንቅላት ጠባብ በር ነው። ኔልሰን ካዋን የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2001 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሰው በአንድ ጊዜ በአእምሮው መያዝ የሚችለው 4 ያህል ነገር ነው ይላል። ስለ እስክሪብቶው ቀለም፣ ስለ መስመሩ ቀጥ ማለት፣ ሰሌዳው ሳይጠፋ ስለ መድረስ ሳስብ በሩ ሞልቶ ነበር። ለኳሱ የሚሆን ቦታ አልነበረኝም።

ማዳመጥ ብቻውን በቂ ነው አልልም። የሰማነው ይረሳል፣ ያውም በፍጥነት። ኸርማን ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በዚሁ አቆጣጠር በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ የሸመደደውን አብዛኛውን ነገር የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መሆኑን በራሱ ላይ ፈትኖ አሳይቷል። የሸመደደው ምን ነበር? ትርጉም የሌላቸው ድምፆች። ይህን ሳነብ የድሮው ደብተሬ ነው ትዝ ያለኝ። ለእኔም ያ ሁሉ ፎርሙላ ትርጉም የሌለው ድምፅ ነበር። ስለዚህ ማታ ደብተሬን ዘግቼ የቀኑን ትምህርት ለራሴ መተረክ ጀመርኩ። ክፍል ውስጥ የገባኝ ቀን 15 ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። ሲያልፈኝ የዋለ ቀን ግን ሁለት ሰዓትም አይበቃኝም።

ውጤቴ በአንድ ጀምበር አልተለወጠም። በሁለተኛው ሴሚስተር ግን ከፊዚክስ አልፎ በሌሎቹም ከፍ አለ። እስከ እኩለ ሌሊት ከማምሸት ይልቅ በጊዜ መተኛቴም ለነገው ክፍል ጠቅሞኛል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው በደንብ ማዳመጥ አይችልም።

የዚያን ዓመት ደብተር አሁንም አለኝ። ቀጭን ነው። ህዳጉ በጥያቄ ምልክት ተሞልቷል። መልሱን ሳገኝ ምልክቱን እሰርዘው ነበር። ሁለቱ ሳይሰረዙ ቀርተዋል። አንዱን ባለፈው ሳምንት ቁጭ ብዬ ፈታሁት።