ሲጄ የመጣው ለለቅሶ ነበር

ባለፈው ሳምንት ማታ የጌም ቤታችን ልጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መርዶ ገባ። የጋሼ እናት አርፈዋል። ጋሼ የምንላቸው እዚህ ጅማ ሄርማታ አካባቢ ጌም ቤት ያላቸው ሰው ናቸው። እኔ ያደግኩት እሳቸው ቤት ነው፤ በፕሌይስቴሽን 2 ዘመን፣ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ጆይስቲክ ተራዬ እስኪደርስ እየጠበቅኩ።

«ነፍስ ይማር»፣ «እግዜር ያጽናዎት» እየተባለ ሲወርድ አንድ የ16 ዓመት ልጅ መጣና አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ጻፈ። ኤፍ።

ግሩፑ ተቀወጠ። «በሰው እናት ይቀለዳል እንዴ?» አሉት። ይውጣልን ያሉም ነበሩ። ልጁን ግን አውቀዋለሁ፣ እየቀለደ አልነበረም።

የኤፍ ነገር እንዲህ ነው። በፈረንጆቹ 2014 ኮል ኦፍ ዱቲ አድቫንስድ ዋርፌር የሚባል የጦርነት ጌም ወጣ። የምትጫወተው ወታደር ጓደኛው ሴኡል ላይ ጦርነት ውስጥ ይሞትበታል፤ ቀብሩ ላይ ወደ ሬሳ ሳጥኑ ስትጠጋ «ክብርህን ለመግለጽ ኤፍን ተጫን» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ኤፍ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ በፕሌይስቴሽን ካሬዋ ቁልፍ ናት። ተጫዋቾች ሳቁበት። እኔም ልክ ነበሩ እላለሁ፣ ሀዘን በቁልፍ አይሆንም። ከዚያ ፊደሏ ከጌሙ ወጣች። ስልኩ የተሰበረበት ኤፍ፣ ኔትወርክ የተቋረጠበት ኤፍ፣ ቡድኑ የተሸነፈበት ኤፍ። ሲደጋገም ግን አንድ ነገር ተፈጠረ፤ ለታናናሾቻችን ቀልዱ ወልቆ ማዘኑ ብቻ ቀረ። ላይቭ ላይ የሚጫወት ሰው የደረሰበትን ክፉ ነገር ሲናገር ቻቱ በኤፍ ይሞላል፣ ብዙዎቹም ከልባቸው ነው። ያ ልጅ ጌሙን ተጫውቶት አያውቅም። ለእሱ ኤፍ ማለት ነፍስ ይማር ማለት ነው፣ በቃ።

ከዚህ የባሰ የሚያንገበግበኝ የሲጄ ሚም ነው፤ ሲጄ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ የሚባለው ጌም ዋና ገጸ ባህሪ ነው፣ ሚሙ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ለቀልድ የሚዞረው ምስሉ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ነጭ ካናቴራ የለበሰ ልጅ መንገድ መሃል ቆሞ «ኤጭ፣ ደግሞ ልንጀምር ነው» የሚለው። ጌሙ የወጣው በፈረንጆቹ 2004 ነው፣ ሚሙ የፈነዳው ግን በ2019፣ ከ15 ዓመት ገደማ በኋላ። አሁን ሴሚስተር ሲጀመር ሲጄ፣ ክረምት ገብቶ የሰፈሩ መንገድ ጭቃ ሲሆን ሲጄ፣ መብራት በመጣ በአምስት ደቂቃው ተመልሶ ሲጠፋ ሲጄ። እኔም ስንቴ ልኬዋለሁ።

ግን ሲጄ እዚያ መንገድ ላይ ምን ይሠራል? እናቱ ተገድላ ለቀብሯ ነው ሊበርቲ ሲቲ ከሚባል የጌሙ ዓለም ሌላ ከተማ የመጣው። ገና ከኤርፖርት ወደ ቤቱ ሲሄድ ፖሊሶች አስቁመው ገንዘቡን ይወስዱበታል፣ ከዚያ የጠላቶቹ ሰፈር ወርውረውት ይሄዳሉ። ያቺን ቃል የሚላት ያኔ ነው። ቀጥሎ ብስክሌት ያነሳል፣ ቤቱ ይደርሳል፣ ባዶው ቤት ውስጥ የእናቱን ፎቶ አንስቶ ያያል።

እኛ ያኔ እንግሊዝኛው አይገባንም ነበር። እዚህ ጋ ስንደርስ ሁሌ አንዱ ዝለለው ዝለለው እያለ ይጮሃል። አንድ ቀን ጋሼ ሳንቲም እየቆጠሩ ቀና ብለው «ተዉት፣ እናቱ ሞታበት እኮ ነው» አሉን። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት ያቺን ቦታ የዘለለ አላየሁም። ስለዚህ ሲጄን የምትለጥፉ ልጆች፣ ለጥፉ፣ ማንም አይከለክላችሁም፤ ግን እባካችሁ የመጀመሪያዋን ግማሽ ሰዓት ተጫወቷት።

በማግስቱ ለቅሶ ሄድን። ልጁ አፍሮ ሊቀር ነበር፣ ቤቱ ሄጄ ይዤው መጣሁ። ዝናቡ ድንኳኑን እየደበደበ ነው፣ ጋሼ ጥግ ላይ ፎጣ ደርበው ተቀምጠዋል። ስልካቸውን አልከፈቱትም፣ የግሩፑን ጭቅጭቅ አላዩም። ልጁ መጀመሪያ አግዳሚ ሲያቀብል፣ ንፍሮ ሲያዞር ቆየ። ከዚያ ሄዶ አጠገባቸው ቁጭ አለ። አንድ ቃል አልተናገረም፣ እስኪመሽም አልተነሳም።