አዳማ ላይ በቤተሰብና በወዳጅ ጉልበት ሁለት ክፍልና መታጠቢያ ቤት እንዴት እንደጨመርን

እናቴ ከአሰላ መጥታ ከእኛ ጋር እንድትኖር ስንወስን ቤቱ አልበቃንም። የምንኖረው አዳማ ውስጥ የቆየ የጭቃ ቤት ውስጥ ነው፤ ግቢው ግን ሰፋ ያለ ነው። ከጎኑ መኝታ ክፍል፣ ትንሽ ሳሎንና መታጠቢያ ቤት በብሎኬት ሠራን። ኮንትራክተር አልያዝንም። በክፍያ የሠሩልን ግንበኛ፣ ፌራዮ (ፌሮ፣ ማለትም የኮንክሪት ብረት የሚያጥፈውና የሚያስረው)፣ አናጢና የመብራት ሠራተኛ ናቸው። የቀረውን ጉልበት ወንድሞቼ፣ የባለቤቴ ዘመዶች፣ ጎረቤቶቻችንና የሥራ ባልደረቦቻችን ቻሉት። እንዴት እንደሆነላችሁ የሚለኝ ሰው ስለበዛ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

የወረቀቱን ጉዳይ ባጭሩ ልለፈው። ካርታ፣ ፕላንና የግንባታ ፈቃድ ሳይሟላ ዶማ ባይነሳ ይሻላል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የእኛን ዓይነት ፎቅ የሌለው መኖሪያ በምድብ «ሀ»፣ ማለትም በቀላል ግንባታዎች ምድብ አስቀምጦታል። ይህ ለብዙ ሰው ፈቃድ አያስፈልገውም ማለት ይመስለዋል፤ አይደለም። ፕላኑን የሠራልን መሐንዲስ የባለቤቴ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛ ነው። ካገኘነው እርዳታ ሁሉ ይኼኛው ይበልጥብኛል። አካፋ ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም፤ እርሳስ ይዞ የሚቀመጥልህ ወዳጅ ግን ብርቅ ነው።

ትልቁ ክርክር የተነሳው አሮጌውን ቤት ከአዲሱ በማያያዝ ላይ ነው። አጎቴ በወጣትነታቸው ብዙ ቤት ያቆሙ ሰው ናቸው። «አንድ ግድግዳ ለምን ይባክናል? ብሎኬቱን ከጭቃው አስጠግታችሁ በሽቦና በሚስማር እሰሩት» አሉ። መሐንዲሱ ግን አሻፈረኝ አለ። የጭቃው ቤት የቆመው መሬት ውስጥ በተቀበረ እንጨት ላይ ነው፤ አዲሱ ደግሞ በፉቲንግ (መሬት ውስጥ በሚሞላ የኮንክሪት እግር) እና በግሬድ ቢም (ከግድግዳው ሥር በሚዞር የኮንክሪት ማሰሪያ) ላይ ይቀመጣል። አፈራችን እሳተ ገሞራ የተፋው፣ አመድ የሚመስል ቀላል አፈር ነው፤ ውኃ ሲገባበት ይሰምጣል። ሁለቱ ቤቶች ደግሞ እኩል አይሰምጡም። በዚያ ላይ ያለነው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ የተከታተለው የመሬት መንቀጥቀጥ እዚህ ድረስ ቤታችንን ሲያነቃንቅ ሁላችንም አይተናል። መሬት ሲንቀሳቀስ የጭቃ ቤት እንደ ቅርጫት ይለመጣል፤ ብሎኬት ግን ደረቅ ነው፣ መለመጥ አያውቅም። ከተሳሰሩ አንዱ ሌላውን ይሰነጥቀዋል።

«ጋሼ፣ ያን ጊዜ እርስዎስ ውጭ አላደሩም?» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «እውነትሽን ነው፤ ይለያይ» አሉ። አዲሱ ቤት የራሱ ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) እና የራሱ ግድግዳ ኖረው። በሁለቱ መካከል 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተተወ፤ ዝናብ እንዳይገባ ከላይ የታጠፈ ላሜራ በአንድ በኩል ብቻ ተመትቶ ሸፈነው። ሁለቱም እንደፈለጉ ይንቀሳቀሳሉ።

ከዚህ ክርክር አንድ ደንብ ወጣ። ዘመድ ሲበዛ አዛዥ ይበዛል፤ ግንበኛው በሦስት ሽማግሌ መካከል ሲዋልል ሲባጎው ይጣመማል። ስለዚህ ሥራ ላይ የሚታዘዘው ግንበኛው ብቻ ሆነ። ሐሳብ ያለው ለእኔ ይነግረኛል፣ እኔ ማታ ከእሱ ጋር እመክራለሁ። ማንም አልተቀየመም፤ እንዲያውም አጎቴ ሐሳባቸውን በወግ የሚሰማ ሰው በማግኘታቸው ደስ አላቸው።

ሥራውንም ለየነው። መሠረት መቆፈር፣ ድንጋይና ብሎኬት ማቀበል፣ ኮንክሪት ማቡካትና መሙላት፣ ውኃ ማጠጣት፣ ቀለም መቀባት፣ ይኼ ሁሉ በደቦ ይሆናል። ፌሮ ማጠፍ፣ የግድግዳውን ቀጥታነት በቱምቢና በውኃ ልክ መጠበቅ፣ የመብራት መስመር፣ የፍሳሽ ቱቦ ተዳፋት ግን ለባለሙያው ነው። የወንድሜ ጓደኞች መብራቱን በነፃ እንሥራ ብለው ነበር፤ አመስግነን ቀለሙን ሰጠናቸው።

አሸዋ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጭነቱ ከመምጣቱ በፊት ናሙና በፌስታል አስመጣን። ታናሽ ወንድሜ ባዶ ሃይላንድ እስከ ግማሹ በአሸዋ ሞላ፣ ውኃ ጨመረበት፣ ክዳኑን ዘግቶ በደንብ ናጠውና መስኮት ላይ አስቀመጠው። አሸዋው ወዲያው ወረደ። ጭቃው ቀስ እያለ ከላዩ ተኛ፣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ መስመሩ ቁልጭ ብሎ ታየ። በአገራችን ደረጃ አሸዋ ውስጥ ያለው ጭቃ ከ6 በመቶ መብለጥ የለበትም፤ ካለፈ መታጠብ ወይም መመለስ አለበት። የመጀመሪያው ነጋዴ ናሙና ጭቃው የትየለሌ ነበርና ተውነው። ቀጥሎ ከሞጆ በኩል የመጣልን ጥሩ ነበር።

ብሎኬትም እንደዚሁ ይመረጣል። እዚህ አካባቢ በፑሚስ (ቀዳዳ በበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ስለሚሠራ ክብደቱ ቀላል ነው፣ ለአዳማ ሙቀትም ይስማማል። ጠርዙን በአውራ ጣት ስትፈገፍገው የሚረግፈውን፣ ሁለቱን ስታጋጨው ድምፁ የሚታፈነውን አትውሰድ። ባለ 20 በ40 ብሎኬት ለአንድ ካሬ ሜትር ከነብክነቱ 13 ያህል ይፈጃል።

ግሬድ ቢሙ የተሞላበትን ቀን ግን አልረሳውም። ሰው የተጠራው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው፤ ፀሐዩ ሳይበረታ መጨረስ ነበረብን። አናጢው 50 በ40 በ18 ሴንቲ ሜትር የሆነ የልኬት ሣጥን ሠርቶልን ነበር፤ ልኩ ከግማሽ ኩንታል ሲሚንቶ፣ ማለትም ከ50 ኪሎው ከረጢት ጋር እኩል ነው። ለአንድ ከረጢት ሁለት ሣጥን አሸዋ፣ ሦስት ሣጥን ጠጠር። ሲሚንቶውንም ለኮንክሪቱ ኦፒሲ (ተራውን ፖርትላንድ)፣ ለግንብና ለልስን ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበትን) ለይተን ገዝተናል። አካፋ የያዘ ጎረምሳ ቡኮው ሲከብደው ውኃ ጨምር ማለቱ አይቀርም፤ ውኃ የበዛበት ኮንክሪት ደግሞ ደካማ ነው። ጀሪካኑን ለአክስቴ ልጅ ሰጠናት። ነርስ ናት፤ መጠን ማክበር ሥራዋ ነው። ማንም ቢለምናት ግንበኛው ካላለ ጠብታ አልጨመረችም።

ምግቡ የሥራው አካል ነው። ድስትና ወንበር ከእድራችን ወሰድን። የሚጾም ጎረቤት አለ፣ ሙስሊም ጎረቤት አለ፤ ሽሮና ምስር ሁሉንም በአንድ ማዕድ አስቀመጠ። ጠላ ግን ባሬላውና አካፋው ታጥበው ከተቀመጡ በኋላ ብቻ ነው የወጣው። በዚህ አቋማችን ጥብቅ ነበርን፤ ሰው በእኛ ግቢ እንዲጎዳ አንፈልግም።

ከዚያ በኋላ ማንም የማያየው ሥራ አለ፤ ውኃ ማጠጣት። የአዳማ ነፋስ ኮንክሪትን ከፀሐዩ በላይ ያደርቀዋል። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ ስለሆነ በርሜል ሞልተን አስቀመጥን። ቢሙን በጆንያ ሸፍነን ቢያንስ ለ7 ቀን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ አረጠብነው። ተራው የጎረቤት ልጆችና የእናቴ ነበር፤ እናቴ ቤቱ ሳያልቅ መጥታ አንድም ቀን አላሳለፈችም።

ነፋሱን ለጣሪያውም አስበንበታል። አዳማ 1 እና አዳማ 2 የንፋስ ኃይል ጣቢያዎች በድምሩ 204 ሜጋ ዋት አቅም ይዘው እዚህ የተተከሉት ነፋሱ ስላለ ነው፤ ያው ነፋስ በሚስማር ብቻ የተመታ ጣሪያ ይነቅላል። ቶፕ ታይ ቢሙ (ግድግዳውን ከላይ የሚያስረው ኮንክሪት) ሲሞላ የ6 ሚሊ ሜትር ፌሮ አብሮ ተቀበረ፣ ወራጁ (የጣሪያው እንጨት) ሲወጣ በፌሮው ተጠምዝዞ ታሰረ።

ማን መጥቶ ምን እንደሠራ ባለቤቴ በደብተር ይጽፍ ነበር። ደቦ ብድር ነው፤ ብድሩ ሲጠየቅ ሰው መሄድ አለበት። ባለፈው ክረምት ፊት ለፊት ያሉት ጎረቤታችን አጥራቸው በጎርፍ ሲወድቅ ወንድሞቼ ቀድመው ነው የደረሱት። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ በጥር መሠረት ሊያወጣ ነው። የልኬት ሣጥኑንና ባሬላውን ወስዷል፤ ነርሷም ጀሪካኑን እንደምትይዝለት ነግራዋለች።