ሱሪ የጎተተ ሰው አልነበረም

ደብተሬ ሦስተኛው ገጽ ላይ በገዛ እጄ የተጻፈች አንዲት መስመር አለች፦ «ኦወን አሸነፈ። ሱሪ ጎትቶ። 20 ደቂቃ ገደማ።» ሃያ ደቂቃው ልክ ነው። ኦወንም አሸንፏል። ሱሪ የጎተተ ሰው ግን አልነበረም፤ ሱሪ መጎተት ማለት ሬስሊንግ ላይ ተጋጣሚን ሱሪውን ይዞ እንዳይነሳ በማድረግ አጭበርብሮ ማሸነፍ ነው። መሀል ላይ በተሰነቀረችው በዚህች ውሸት ላይ ቆሜ አራት ገጽ ግምገማ ጻፍኩ፣ ለሰው ላክሁ፣ ተከራከርኩበት፤ በመጨረሻም በአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ፊት አፈርኩ። የድሮ ሬስሊንግ አይቶ ለመጻፍ የሚነሳ ሰው ካለ ይህን ያንብብ፤ እኔን ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም።

ዝግጅቱ አሥረኛው ሬስልማኒያ ነው፤ ሬስልማኒያ WWF ይባል የነበረው የአሜሪካ ሬስሊንግ ድርጅት የዓመቱ ትልቁ ዝግጅት ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 1994፣ ኒው ዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፤ በእኛ መጋቢት 11 ቀን 1986 ዓ.ም. መሆኑ ነው። እኔ ያየሁት ግን ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣብቄ፣ ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ ምስሉ ከነጣ ቅጂ ላይ ነው። እንግሊዝኛ የምንሰማ አልነበርንም። አንድ ትልቅ ልጅ ነበር፣ እንግሊዝኛ ይችላል ተብሎ የሚታመን፤ ከፊት ተቀምጦ እሱ ይተረጉምልናል። የተረጎመውን ሁሉ አመንን። ይህን ልጅ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ በተካሄደው ሮያል ራምብል፣ ማለትም ብዙዎች ተጋጥመው መጨረሻ ሪንግ ውስጥ የቀረው በሚያሸንፍበት ግጥሚያ፣ ብሬት ሃርትና ሌክስ ሉገር እኩል ከሪንግ ወደቁና ሁለቱም አሸናፊ ተባሉ። ስለዚህ ሁለቱም በአንድ ምሽት ከሻምፒዮኑ ከዮኮዙና ጋር ይገጥማሉ ተባለ። ሳንቲም ተጣለ፣ ቀዳሚው ሉገር ሆነ። ብሬት ደግሞ ለሻምፒዮናው ከመድረሱ በፊት ከታናሽ ወንድሙ ከኦወን ጋር እንዲጋጠም ተወሰነበት። ኦወን በዚያው ሮያል ራምብል ምሽት የብሬትን የተጎዳ እግር መትቶ በአደባባይ ወንድምነቱን ክዷል። በሰፈራችን ቋንቋ ብሬት አክተሩ፣ ኦወን ወንበዴው ነው።

«ውጤቱ ቀድሞ ተወስኖ የለ፣ ምኑ ይገመገማል?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። የቴያትርም መጨረሻ ቀድሞ ተጽፏል። ለእኔ ቁም ነገሩ አሸናፊው በምን መንገድ እንዲያሸንፍ እንደተደረገ ነው። ይህን ለስንቱ አስረድቻለሁ መሰላችሁ! የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ የሳትኩት ይህችኑ ነው።

ለግምገማ መዘጋጀቱ ቀላል ነው። ቅንጭብጫቢውን ትታችሁ ሙሉውን ፈልጋችሁ ታገኛላችሁ፤ የግጥሚያዎቹን ዝርዝር በቅደም ተከተል ደብተር ላይ ታሰፍራላችሁ፤ ሻይ ታፈላላችሁ። አለቀ።

ከዚያ የኔ ጥፋት ይጀምራል። ስለ ግምገማ ምክር የሚሰጡ ሰዎች ሁሉ የሚሉት አንድ ነው፦ እያየህ ጻፍ፣ በኋላ እጽፋለሁ ካልክ ትረሳዋለህ። እኔም ታዛዥ ሆንኩ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣ ደብተር ጭኔ ላይ፣ እስክሪብቶ በእጄ፣ ቤተሰብ ተኝቷል። የወንድማማቾቹ ግጥሚያ የምሽቱ መክፈቻ ነው። ብሬት ወንድሙን መምታት አይፈልግም፤ ኦወን ደግሞ ገና አንዴ ስላመለጠው ብቻ ዓለምን የገዛ ያህል ይጨፍራል፣ በጥፊ ይማታል፣ ይሳደባል። አንድ ቦታ ላይ ብሬት ከሪንግ ወደ ውጭ ዘልሎ ይወርድበትና ጉልበቱን ያመዋል። ከዚህ በኋላ ኦወን ቁስል እንደሸተተው ዝንብ ከዚያ ጉልበት አይላቀቅም።

ደስ አለኝ። መጻፍ ጀመርኩ። ብሬት ሲያነክስ እንዴት እንደሚያሳምን፣ ገመዱን ይዞ እንዴት እንደሚነሳ፣ ሦስት መስመር፣ አራት መስመር። አረፍተ ነገሩን ለማሳመር ቃል እየመረጥኩ ሳለ አዳራሹ ጮኸ። ቀና ስል ብሬት መሬት ላይ ነው፣ ኦወን እጁን ዘርግቶ ይዘላል። ሦስት ተቆጥሯል፤ ሦስት እስኪቆጠር ትከሻው ከመሬት ያልተነሳ ተሸነፈ ማለት ነው።

ማድረግ የነበረብኝ ሃያ ሰከንድ ወደ ኋላ መመለስ ነበር። ሃያ ሰከንድ! ያን ሌሊት ግን ኢንተርኔቱ ይቆራረጥ ነበርና ወደ ኋላ ከነካሁት ያች የምትሽከረከር ክብ መጥታ አንድ ሰዓት ትገትረኛለች ብዬ ፈራሁ። ይህ እንግዲህ ለሰው የምሰጠው ምክንያት ነው። እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው፦ መጨረሻውን አውቀዋለሁ ብዬ ነው። ከልጅነቴ የማውቀው ነገር እኮ ነው! ያ ትልቁ ልጅ ከአግዳሚው ተነስቶ «ሱሪውን! ሱሪውን ጎተተው!» ብሎ ሲጮህ፣ እኛም ቴሌቪዥኑን ስንሰድብ፣ ባለቤቱ ዝም በሉ ብሎ ሲቆጣን፣ ሁሉም ፊቴ ላይ አለ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄጄ ላላዩት ልጆች ያወራሁትም ይህንኑ ነው። እጄ እኔን ሳያማክር ጻፈው።

በእርግጥ የሆነው ይህ ነው። ኦወን ጥግ ላይ ወዳለው ብሬት ይንደረደራል። ብሬት ትከሻው ላይ ይወጣና በዚያው ጠቅልሎ መሬት ሊያስነካው ይሞክራል። ኦወን አይጠቀለልም፤ ቁጭ ይልበታል። ዳኛው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሱሪ የለ፣ ገመድ የለ፣ በመሀል ጣልቃ የገባ ሰው የለ። በግጥሚያው ሂደት ተንኮሉ አላነሰም፤ ያሸነፈበት እንቅስቃሴ ግን ንጹህ ነው። ታናሹ ታላቁን በሙያ በለጠው።

ስቶ ዝም ማለት አንድ ነገር ነው። እኔ ግን በስህተቴ ላይ ንድፈ ሐሳብ ሠራሁበት። «ወንበዴው ሁልጊዜ አጭበርብሮ ማሸነፉ የዘመኑ በሽታ ነው» ብዬ ጻፍኩ። «ይህን የመሰለ ግጥሚያ እንዲህ ባለ ርካሽ መጨረሻ የዘጉት ጸሐፊዎች ሰነፎች ናቸው» አልኩ። ሰነፎች! ሃያ ሰከንድ ወደ ኋላ ለመመለስ የታከተው ማን ሆነና። አንድ ኮከብ ቀነስኩበት። አራቱን ገጽ ለድሮ ሰፈር ልጆች ላክሁ። አደነቁኝ፤ እነሱም በዚያው አግዳሚ ላይ የነበሩ ናቸዋ። ሰባት ስምንት ሰው ያንኑ ውሸት በአንድ ጊዜ ሲያስታውስ እንደ ማስረጃ ቆጠርኩት።

የእህቴ ልጅ እኛ ቤት መጥቶ ነበር። ሬስሊንግ አይወድም፤ የሚወደው ኳስ ነው። የጻፍኩትን በስልኬ አነበበና ግጥሚያውን አስከፈተኝ። ጨረሰውና እንዲህ አለኝ፦

«ጋሼ፣ የቱ ጋ ነው ሱሪ የጎተተው?»

«መጨረሻው ላይ ነዋ፣ ሲቆጠር።»

«አልጎተተም።»

«በደንብ እይ እንጂ ልጄ፣ ፈጣን ነው።»

እሱ መለሰው። ሁለቴ። ከዚያ አቀዝቅዞ። የኦወን ሁለት እጆች ወለል ብለው ይታያሉ። ልጁ አልሳቀብኝም፣ ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። ስልኬን መለሰልኝና ወደ ኳሱ ሄደ።

ያን ዕለት የተቃጠልኩት ስለ ሱሪው ብቻ አይደለም። መጨረሻውን ስስት የምሽቱን አጥንት ነው የሳትኩት። ብሬት ከዚያ በኋላ እያነከሰ ተመልሶ ዮኮዙናን ያሸንፋል፣ ቀበቶውን ይወስዳል፣ ሌሎቹ ተጋጣሚዎች ሪንግ ውስጥ ገብተው በትከሻቸው ያነሱታል። ሕዝቡ በደስታ እያበደ ኦወን መተላለፊያው ላይ ብቻውን ወጥቶ ቆሞ ያየዋል። ምንም አይናገርም። ኦወን አጭበርብሮ ቢሆን ኖሮ ያ አስተያየት የቅናተኛ ብቻ ይሆን ነበር። ግን ከሁለት ሰዓት በፊት ይህን አዲስ ሻምፒዮን በንጽህና የጣለው እሱ ነው፣ ደግሞም እውነቱን ነው። በዚያው ዓመት ኦገስት 29 ቺካጎ ላይ በብረት አጥር ውስጥ የተገናኙት በዚሁ ሰበብ ነው። ይህን ሁሉ የተሸከመችው ያች ሦስት ሰከንድ ናት፤ እኔ በዚያች ሰዓት ቃል እየመረጥኩ ነበር።

ስለዚህ እንደገና ጀመርኩ፤ አሁንም የምሠራው እንደዚህ ነው። መጀመሪያ ድምፁን ዘግቼ፣ ደብተሩን ሌላ ክፍል ትቼ፣ ሙሉውን ግጥሚያ አያለሁ። አስተያየት ሰጪዎቹን መስማት የግድ ነው፣ ታሪኩን የሚነግሩት እነሱ ናቸው የሚሉ አሉ። አልስማማም። በዚያ ምሽት ማይክሮፎኑን የያዙት የድርጅቱ የያኔ ባለቤት ቪንስ ማክማሃን እና ለወንበዴዎቹ የሚያዳላው ጄሪ ሎለር ናቸው፤ አንዱ ዕቃውን ይሸጣል፣ አንዱ ነገር ያጋግላል። ከእነሱ ጋር ያየ ሰው የእነሱን ዓይን ተውሶ ነው የሚያየው፤ እኔ የዚያን ትልቅ ልጅ ዓይን ሃያ ምናምን ዓመት ተውሼ እንደኖርኩት። በሁለተኛው ዙር ድምፁን እከፍታለሁ። እስክሪብቶ የምይዘው ግጥሚያው ካለቀ በኋላ ነው። የረሳሁት ካለ ይረሳ፤ የሚረሳ ነገር ባይጻፍም አይጎድልም። መጨረሻውን ግን ባውቀውም ባላውቀውም ሦስት ጊዜ አያለሁ።

ድምፁን ስዘጋ ከዚያ በፊት ልብ ያላልኩት ነገር ታየኝ። ብሬት ጉልበቱ ከታመመ በኋላ ማንም በማያየው ሰዓት እንኳ ያነክሳል፤ ካሜራው ኦወን ላይ ሆኖ እሱ ጥግ ላይ በደብዛዛው ሲታይ ያነክሳል። ያን ሌሊት አራት መስመር የጻፍኩለት ነገር ከጻፍኩት የበለጠ ነበር።

ስለ ሌሎቹ ግጥሚያዎች ብዙ አልደክምም። ባም ባም ቢገሎና ሉና ቫሾን ቀልደኞቹን ዶይንክና ዲንክን አሸነፉ፤ ለልጆች ነው፣ ይለፍ። ራንዲ ሳቬጅና ክራሽ የትም ቦታ መጣል በሚፈቅድ ሕግ ተጋጠሙ፤ ግን ከሪንግ ውጭ የወደቀው በ60 ሰከንድ ውስጥ ከተመለሰ ግጥሚያው ይቀጥላል ተባለ፤ ይህች ሕግ ትግሉ በጋለ ቁጥር ውሃ ትቸልስበታለች። ያም ሆኖ የሳቬጅ የመጨረሻ ሬስልማኒያ ነውና ዝለሉት አልልም። ኧርዝኩዌክ አዳም ቦምብን በ35 ሰከንድ ጨረሰው፣ ሻይ ልጨምር ተነስቼ ስመለስ የለም። ሉገር ከዮኮዙና ጋር ሲጋጠም ዳኛው ሚስተር ፐርፌክት ነበር፤ ሉገር ዮኮዙናን ጥሎ ይቆጠርልኝ ሲል ዳኛው ችላ ብሎት የዮኮዙናን አስተዳዳሪዎች ይንከባከባል፣ ሉገር ገፈተረው፣ ተባረረ። ዮኮዙና በነገራችን ላይ ጃፓናዊ ተብሎ ይቅረብ እንጂ የሳሞአ ተወላጅ አሜሪካዊ ነው፤ በመጨረሻው ግጥሚያም ከገመዱ ላይ ሆኖ ብሬት ላይ ሊቀመጥ ሲል ሚዛኑን ስቶ የወደቀው በዚያ ግዙፍ ክብደቱ ነው።

በመሰላሉ ግጥሚያ ላይ ግን ሌላ ጸጸት አለብኝ። ሬዘር ራሞን እና ሾን ማይክልስ፣ ሁለቱም እኔ ነኝ ኢንተርኮንቲኔንታል ሻምፒዮን የሚሉ፣ ሁለቱም ቀበቶ ያላቸው። ሁለቱ ቀበቶዎች ከሪንጉ በላይ ተሰቀሉ፣ መሰላል ወጥቶ ያወረደ ያሸንፋል። ሾን ገመድ ውስጥ እግሩ ተጠምዶ ሲታገል ሬዘር አወረዳቸው። ስመ ጥሩ የሬስሊንግ ጸሐፊ ዴቭ ሜልትዘር አምስት ኮከብ ሰጥቶታል፤ እኔም ገና ሳላየው አምስት ብዬ ደብተሬ ላይ ጽፌ ነበር። አንድ ኮከብ የቀነስኩት ከወንድማማቾቹ፣ አምስት የሰጠሁት ደግሞ ሰው ስለሰጠ። ሁለቱም የራሴ አልነበሩም። አሁን ስጠየቅ የወንድማማቾቹን አስቀድማለሁ። መሰላሉ ዓይን ይሞላል፣ ከዚያ ወዲህ የመጡት የመሰላል ግጥሚያዎች ሁሉ የእሱ ልጆች ናቸው፤ ነገር ግን በኦወንና በብሬት ግጥሚያ ውስጥ ምንም ዕቃ አልነበረም፣ ሁለት ሰውና ቂም ብቻ። ኮከብ መስጠት ግን ትቻለሁ። ስንት ሰጠኸው የሚሉኝ ሰዎች ይቀየሙኛል፣ ይቀየሙ።

የታረመውን ጽሑፍ ለሰፈር ልጆች መልሼ ላክሁ። አብዛኞቹ «እሺ» አሉ፣ አላነበቡትም ማለት ነው። አንድ ሰው ብቻ ደወለ። ያ ትልቁ ልጅ፣ አሁን ሽበት ያወጣው።

«አንተ፣ ምን ሆነሃል?» አለኝ።

«አይቼዋለሁ እኮ ጋሼ፣ አቀዝቅዤ አይቼዋለሁ።»

«የኛ ካሴት ላይ ጎትቷል» አለ። «የኔን ዓይን ልታስተምረኝ ነው?»