ሰማያዊው ፕሌት

ሬዛዙሪን የተባለውን ቀለም ጨምሬ ሁለት ሰዓት ጠብቄ ባለ 96 ጉድጓዱን የመሞከሪያ ፕሌት ሳየው ሰማያዊ በሰማያዊ ሆኗል። ባክቴሪያው በሕይወት ካለ ቀለሙ ወደ ሮዝ ይዞራል፤ ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ ግን አልቆለታል። የምሞክረው ካርቫክሮል ነበር፣ ያ የጦስኝ ሽታ ባለቤት። ተፈታኙ ደግሞ ሜቲሲሊን የተባለው አንቲባዮቲክ የማይበግረው ባክቴሪያ፣ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ። ሜቲሲሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ሥራ ላይ ዋለ፤ በ1961 እንግሊዝ አገር የተላመደው ዝርያ ተዘገበ። ጉደኛ ፍጡር ነው።

መጠኑን ከላይ ወደ ታች በግማሽ በግማሽ እያሳነስኩ ከ1024 እስከ 8 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር አውርጄው ነበር። ሮዝ የታየው ከ32 በታች ብቻ ነው። ፎቶ አንስቼ ወዲያው ለአለቃዬ ላክሁ።

አንድ ነገር ግን ቆርቁሮኛል። አጠገቡ ያለው አምድ ማነጻጸሪያ ነው፣ ባክቴሪያ ብቻ እንጂ ካርቫክሮል አልገባበትም፤ ከላይ እስከ ታች ሮዝ መሆን ነበረበት። የላይኞቹ ሦስት ጉድጓዶች ግን ሰማያዊ ናቸው። "ፒፔቱ ስቶኝ ይሆናል" ብዬ አለፍኩት። ውጤቱ መጥፎ ቢሆን ኖሮ እንዲህ በቀላሉ አላልፈውም ነበር።

ደገምኩት። እነዚያው ሦስቱ።

አንጋፋው ቴክኒሻናችን ፕሌቱን እንኳ አላዩም። ፕሌቶቹ የሚሞቁበትን ሳጥን፣ ኢንኩቤተሩን፣ ስከፍት ከኋላዬ ቆመው "ይሄ ሁሉ ሽታ ከየት መጣ?" አሉኝ።

"ከካርቫክሮሉ ነዋ።"

"እኔ አፍንጫ ድረስ ከመጣ አጠገቡ ያለው ጉድጓድ ውስጥ መግባት ያቅተዋል ልጄ?"

ባሉኝ መሠረት በአዲስ ፕሌት ካርቫክሮሉን አንዱ ጥግ ላይ ብቻ አደረግኩ፤ በቀሩት 95 ጉድጓዶች ባክቴሪያ ብቻ። በማግስቱ በጥጉ ዙሪያ ያሉት ሰማያዊ፣ ራቅ ያሉት ወይን ጠጅ፣ የቀሩት ሁሉ ሮዝ፤ ልክ ጨርቅ ላይ እንደፈሰሰ ቀለም። ተንኖ ነው ጎረቤቱን የፈጀው።

ጉድጓዶቹን በሚለጠፍ ፕላስቲክ አሽጌ፣ ማነጻጸሪያውን ሌላ ፕሌት ላይ አድርጌ ስደግመው ባክቴሪያውን የሚገታው ትንሹ መጠን፣ 32 የነበረው፣ 256 ሆነ። ቫንኮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ይህንኑ ባክቴሪያ ለመግታት አብዛኛውን ጊዜ 1 ወይም 2 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር ይበቃዋል። ደግሞ ካርቫክሮል የሚገድለው የባክቴሪያውን ሽፋን እያፈረሰ ነው፤ የሰውም ሴል ሽፋን አለው። የ8 እጥፍ ልዩነት ቀልድ አይደለም።

አለቃዬ 32ን ለሐሙስ ስብሰባ ስላይዳቸው ላይ አስገብተውት ኖሯል። ስደውልላቸው ለአፍታ ዝም አሉና "የጥጉን ፎቶ ላኪልኝ፤ በእሱ እንተካዋለን" አሉ።